ትራጀዲና የኢኮኖሚ ሐሳብ፦ ለጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ውድ አባላት። የንባብ ፕሮግራማችን ፕሮፖዛል ላይ ሐሳባችሁን ጣል ጣል አድርጉ። እኔ ከአሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ከጋሬት ሃርዲን እንጀምር ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የግጦሽ ሜዳ እናስብ ይላል። ከብት የጨመረ እረኛ ትርፉን ብቻውን ይወስዳል፤ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈለዋል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሜዳውም ይራቆታል። ሃርዲን ይህን ትራጀዲ አለው፤ በውድቀትና በሐዘን በሚያበቃው የተውኔት ዓይነት ስም።

የቴአትር ዘርፍ አባል፦
ጥሩ መነሻ ነው። ግን እሱን ካስቀደምን ትራጀዲን በእሱ ዓይን ብቻ እንዳናየው እሰጋለሁ። እሱ የወሰደው የማይቀረውን ውድቀት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ «አንቲጎኒ» ይቅደም። ንጉሡ ክሪዮን የአንቲጎኒ ወንድም አስከሬን እንዳይቀበር ያዛል። አንቲጎኒ ትእዛዙን ጥሳ ትቀብረዋለች፤ ሞት ይፈርድባታል። የክሪዮን ልጅ ሄሞን ሕዝቡ ለእሷ እያዘነ መሆኑን ይነግረዋል፤ አይሰማም። ነቢዩ ቲሬስያስ ያስጠነቅቀዋል፤ ይሰድበዋል። በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። ሲደርስ ግን አንቲጎኒ ሞታለች። አያችሁ፣ መውጫ ነበረው። የጠፋው ምክር ሰሚ ነው። ይህን ካልያዝን ፕሮፖዛሉ ባዶ ይሆናል።

የኢኮኖሚክስ ዘርፍ አባል፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ይህ በቀጥታ የጋራ ሀብት አያያዝን ያጠናችው ኤሊኖር ኦስትሮም ጋ ያደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ተርበል የተባለችውን የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር ታነሳለች። እዚያ ከ1517 ጀምሮ የተጻፈ ደንብ አለ፦ ማንም በበረዶው ወራት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ አይልክም። ደንቡን ያወጡት መንደርተኞቹ ናቸው። የጣሰ ይቀጣል። ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በዚህ ዓይነት ሥራዋ ነው። ለሃርዲንም ግን ፍትሐዊ እንሁን። እሱም በጋራ ስምምነት የሚጣል ገደብን ደግፏል። ክርክራችን ሰዎቹ ራሳቸው እዚያ ይደርሳሉ ወይ የሚለው ላይ ይሁን።

ሌላ አባል፦
ገንዘቡን ረሳችሁት እኮ! ክሪዮን ሁሉን ነገር የሚያየው በጉቦ ዓይን ነው። አስከሬኑን የሚጠብቀውን ዘበኛ ተገዝተሃል ይለዋል፣ ነቢዩንም እንዲሁ። ሁለቱም ግን አልተገዙም። አንቲጎኒ ደግሞ ያለ ጊዜዋ መሞትን እንደ ትርፍ ትቆጥረዋለች። የሰውን ምርጫ ሁሉ በጥቅም ለሚያስረዳ ኢኮኖሚስት ከዚህ የከበደ ጥያቄ የት ይገኛል? ማርክስም «ካፒታል» ውስጥ ክሪዮን ገንዘብን የሚያወግዝበትን ንግግር ጠቅሷል። ንግግሩ ከተሳሳተው ሰው አፍ መውጣቱን ልብ ብለን እናንብበው። ለዚህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሰጥልኝ።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ አንቲጎኒ፣ ክሪዮንና ገንዘብ፣ ሃርዲን፣ ኦስትሮም። አርስቶትልና አዳም ስሚዝ ለሚቀጥለው ዙር ይቆዩ፤ ጊዜ አይበቃንም። መሪ ጥያቄያችን፦ «ውድቀት እየመጣ መሆኑ ሲታወቅ፣ ማስጠንቀቂያው ሰሚ የሚያገኘው በምን ዓይነት ደንብ ነው?»

የቴአትር ዘርፍ አባል፦
የክሪዮን ትእዛዝም እኮ ደንብ ነበር። «ማን ባወጣው ደንብ» ይባል።

አስተባባሪ፦
ይስተካከላል። እንግዲያው አንቺ የሄሞንን ትዕይንት ለንባብ አዘጋጂልን፤ የኢኮኖሚክስ ዘርፍ የተርበልን ምዕራፍ ይያዝ።