ቁርቁራና ሁመር ከፍራፍሬ ይቆጠራሉ ወይ?

ጠያቂ (የጤና ኤክስቴንሽን፣ ድሬዳዋ ገጠር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ቀበሌ ሰው ፍየልና ግመል ነው የሚያረባው። ልጆቹ ሲያግዱ ውለው ኪሳቸውን ቁርቁራ ሞልተው ይመለሳሉ፤ ሁመርና በደኖም ይበላሉ (ሁመር ያልኩት ሮቃን ነው፤ በደኖ ደግሞ የቆላ ዛፍ ፍሬ ነው)። ስለ ምግብ ስብጥር ሳስተምር አንዷ እናት «ልጆቼ ፍሬ ሲለቅሙ ነው የሚውሉት፤ ብርቱካን ከየት ላምጣ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የሳቢያኗ፦
አቦ፣ ይቆጠራል እንጂ! ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት ከምንቆጥራቸው 8 የምግብ ምድቦች «ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ» የሚለው ውስጥ ይገባል። ከገበያ ተገዛ ከዛፍ ተለቀመ ለውጥ የለውም። ግን አንድ ምድብ ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ቢያንስ 5 ነው።

ገንደ ቆሬ፦
ሁመርማ ቫይታሚን ሲ በቫይታሚን ሲ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ይመስክር።

ነርስ ከከዚራ፦
ኮምጣጣ ሁሉ ቫይታሚን ሲ አይደለም ወንድሜ። ሁመርን የሚያኮመጥጠው ታርታሪክ አሲድ ነው። 100 ግራም የሁመር ሥጋ ውስጥ ቫይታሚን ሲ ቢገኝ 3 ወይም 4 ሚሊግራም ነው፤ ብርቱካን 50 አካባቢ አለው። ሁመር ዋናው ሥራው ጉልበት መስጠት ነው፣ ከግማሽ በላዩ ስኳር ነው፤ ፖታሲየምም አለው። ለቫይታሚን ሲ ትኩስ ቁርቁራ ይሻላል። ደርቆ ሲሰነብት ቫይታሚኑ ይቀንሳል፣ ስኳሩ ግን አይሄድም። በደኖም ሥጋው ስኳር ነው፤ ቅባቱ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ ልጆቹ ይተፉታል።
ስለዚህ ለእናትየዋ «ብርቱካኑ ይቅርብሽ፣ ወተቱንና እንቁላሉን ግን ፍሬ አይተካልሽም» በያት። እኔን የሚያሳስበኝ ወተቱ ሁሉ ለገበያ የሚወጣበት ቤት ነው።

ጠያቂ፦
ተባረኪ። ገና ጥርስ ለሚያበቅሉትስ?

የሳቢያኗ፦
ቁርቁራን ከነፍሬው እንዳትሰጪ፣ ድንጋይ የመሰለው ፍሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የደረቀውን ሥጋ ከፍሬው ለይተው ይውቀጡና ይንፉት፤ ዱቄቱን ገንፎ ላይ ጨምረው በወተት ያብስሉት። ስኳር መጨመር አያስፈልግም፣ ራሱ ይጣፍጣል።

ነርስ ከከዚራ፦
ሻዩንም አንሺባቸው። ከምግብ ጋር ሲጠጣ አይረን እንዳይመጠጥ ያደርጋል።