ጃማ ላይ በንግሥ ዕለት በረዶ የመታው ሰብል፦ ይገልበጥ ወይስ ይጠበቅ?

ዋልካ አራሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ወሎ፣ ጃማ ነው፣ ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት። መስከረም 21፣ የማርያም ንግሥ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የዋንዛ ፍሬ የሚያህል በረዶ ከነፋስ ጋር ወረደ። ስንዴው ወተት ይዟል፤ ባቄላው ከታች አሽቷል፣ ከላይ አበባ ነው፤ ጤፉ ዛላ አውጥቷል። ለእንግዳ የተጣለው ዳስም ወደቀ። ጎረቤቱ ሁሉ "በሬ ጥመድና ገልብጠው" ይላል። የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

የሰብል ነገር፦
አብሽር፣ በሬውን ግን አሁን አትጥመድ። ቅጠል መበጣጠስና አገዳ መሰበር አንድ አይደሉም። የስንዴው አገዳ አንጓው ላይ ጎብጦ የተኛ ከሆነ ቀና ሊል ይችላል። ከተቀነጠሰ ግን ውሃ ስለማያልፍለት ዛላው በአራት በአምስት ቀን ይነጣል። ስለዚህ አምስት ቀን ጠብቅ። ከዚያ ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሃል አምስት ቦታ ምረጥ፤ በየቦታው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክተህ ደህናውንና የነጣውን ዛላ ለየብቻ ቁጠር። ከግማሽ በላይ ደህና ከሆነ ተወው፣ ይታጨዳል። ደህናው ሲሶ እንኳ ካልሞላ ለመኖ አጭደህ መሬቱን አስለቅቅ። ዩሪያ እንዳትጨምር፤ ወተት የያዘ ስንዴ አዲስ ቅጠል ስለማያወጣ ብሩን መጣል ነው።

ባቄላው ታች ያሸተውን ይሞላልሃል፣ አትንቀለው። የሚያሰጋው ቁስሉ ነው፤ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያመጣው ሻጋታ በዚያ ይገባል፣ ደመናና ጤዛ ከቀጠለም ማሳውን ያጠቁረዋል። ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መድኃኒት ከተገኘ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ነጠብጣቡ ሳይስፋፋ ይረጫል። ከጠቆረ በኋላ አያድንም።

ጤፉ ዛላው ከረገፈ ተስፋ የለውም። ከሥር ቢያቆጠቁጥም የጥቅምት እርጥበት ፍሬ አያስይዘውም። ከብት ግን በቀጥታ አትልቀቅበት፣ በተለይ ባቄላው ላይ፤ እርጥብ ባቄላ ሆድ ይነፋል። አጭደህ፣ አጠውልገህ፣ በትንሽ በትንሹ ስጥ። እርጥቡን ከከመርከው ይሻግታል።

ደጎሎ፦
የሚገለበጠው ማሳ ላይ ሽምብራ ወይም ምስር ይግባበት፣ ዋልካው የያዘው እርጥበት ያደርሰዋል። ቀኑ ግን እየሄደ ነው፤ መስከረም ካለፈ እርጥበቱ ይጎድላል፣ ቦታው ደጋ ከሆነም አበባውን ውርጭ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ብቻ እረሰው፤ ደጋግመህ ካረስክ እርጥበቱን ታባክነዋለህ። ሽምብራ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይበቃል፣ በመስመር 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ። ውሃ የሚቆምበት ጎድጓዳ ላይ አትዝራ፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ጓያ ቀላሉ ምርጫ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት ቤተሰብ ለወራት እሱኑ ብቻ ከበላ እግር ያሽመደምዳል። ጓያ የምትዘሩ ለብቻው እንዳይበላ አደራ።

አናጢ፦
ዳሱን በተመለከተ፦ በረዶ እንደ ዝናብ ወርዶ አያልቅም፣ ላዩ ላይ ይከማቻል። 5 ሳንቲ ሜትር የተኛ በረዶ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 6 በ8 የሆነ ዳስ ላይ 12 ኩንታል መሆኑ ነው፤ የባሕር ዛፍ አጣና አይሸከመውም። ጠፍጣፋ ዳስ አትጣሉ። ስፋቱ 6 ሜትር ከሆነ መሃለኛው ምሰሶ ከዳሩ ቢያንስ በሜትር ተኩል ይብለጥ፣ ሸራውም ይወጠር። ሸራው ሲረግብ ካያችሁ ከሥር በእንጨት ልግፋ አትበሉ፣ ሰው አስወጡ። ወዴት? ወደ ቤት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ጽድ ሥር አይደለም፤ በረዶ የሚያወርድ ደመና መብረቅም ይዟል።

ዋልካ አራሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መድን የሚባለውስ ለበረዶ ይከፍላል?

የሰብል ነገር፦
የዝናብ እጥረትን በሳተላይት የሚለካው ዓይነት አይከፍልም፤ በረዶ አንዱን ማሳ መትቶ አጠገቡን ይዘላል፣ መለኪያው ደግሞ ሰፊ አካባቢን ነው የሚያየው። ስፔኖች በ1978 (እ.ኤ.አ.) የእርሻ መድን ሕግ አወጡ፤ መንግሥት ገበሬው ለመድን ከሚከፍለው (ከአረቦኑ) ይደጉማል፣ ጉዳቱንም ገማች ማሳው ድረስ ሄዶ ያየዋል። ለበረዶ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። በረዶ እነሱንም አይምራቸውም፦ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ውስጥ ካታሎኒያ ላይ የአንዱ ጠጠር ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ በረዶ ወርዶ ሕፃን ገድሏል።

አንተ ውልህን አውጥተህ "በረዶ" የሚል ቃል መኖሩን ተመልከት። ቢኖርም ባይኖርም ማሳው ሳይነካ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጥራ። የእያንዳንዱን ማሳ ስፋት፣ ሰብሉን፣ የቆጠርከውን ዛላ ያስመዝግብ፤ ፎቶም አንሳ። የዘር እርዳታ ቢመጣ የሚታየው መዝገቡ ነው፣ የተገለበጠ መሬት ማስረጃ አይሆንም።