«ተናግሮ ይጨርሳል» እኮ ነው ያለው!

የሰበታ ልጅ፦ ትናንት አንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አሠልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማየት የተሳነው ሠራተኛ ከእንግዲህ ኪቦርድ አያስፈልገውም። ማይክ ግዙለት፣ ተናግሮ ይጨርሳል።» አዳራሹ አጨበጨበ! ስለ ስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ስለሚያነብልን ፕሮግራም፣ ግን አንድም ቃል አልተነሣም። የጻፍኩትን ማን ያነብልኛል? እሱ ራሱ?

አይቲው፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ በድምፅ ይቀበላል። ያውም በነጻ። እናንተ ደግሞ አዲስ ነገር ሲመጣ ማኩረፍ ትወዳላችሁ።

የሰበታ ልጅ፦ መቀበሉን ማን ካደ? የያዝኩት «ይጨርሳል» ያለውን ነው። ስልኩ በ«ሠ» ይጻፈው በ«ሰ»፣ ቃሉ ሲነበብልኝ ድምፁ ያው ነው። በጣቴ ስጽፍ ግን የቱን እንደነካሁ አውቃለሁ። አለቃዬ ደብዳቤውን በቀይ አስምሮ ሲመልስ «ማይኩ ነው» ልበለው?

ብርሃኑ ነጋ ጠባ፦ ድራጎን የሚባል፣ የተናገርከውን የሚጽፍ ፕሮግራም አለ አይደል? እሱን ይግዙ።

የሰበታ ልጅ፦ ድራጎን አማርኛ አይሰማም ወንድሜ።

የሜሪላንዷ፦ ቆይ፣ ቆይ። አባቴ ዓይናቸውን በግላኮማ ያጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ኪቦርድ ነክተው አያውቁም። አሁን ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው በአማርኛ እየተናገሩ አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው ቴሌግራም ይጽፋሉ። አንተ ከልጅነትህ ተምረሃል። እሳቸው በዚህ ዕድሜ ኪቦርድ ይቁጠሩ?

የሰበታ ልጅ፦ ዕድሜ ይስጥልን። የእህታቸውን መልስ ማን ያነብላቸዋል?

የሜሪላንዷ፦ ቶክባክ ነዋ፣ የስልኩ ስክሪን ሪደር።

የሰበታ ልጅ፦ እንግዲያውስ ተናግረው አልጨረሱም!

አይቲው፦ ይኸው፣ ቃል መሰንጠቅ ተጀመረ።

ወለላ፦ ወደ ቢሮ እንመለስ። እኔ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነው የተቀመጥነው። የዲሲፕሊን ደብዳቤ በማይክ ልጻፍ? «አቶ እገሌ ሰክረው ስለገቡ» ስል ሰውየው ከኋላዬ ቢቆምስ? ደግሞ ኢርፎን ካላደረግሁ ኮምፒውተሩ የሚያነብልኝን ማይኩ መልሶ ይጽፈዋል።

አይቲው፦ ኮሪደር ወጥተሽ ተናገሪያ።

ወለላ፦ አንተ የደሞዝ ጭማሪ የምትጠይቀው ኮሪደር ላይ ነው?

ዶክ ጃውስ፦ ዝም ብላችሁ ነው የምትጨቃጨቁት። መሥሪያ ቤቱ ጃውስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ይግዛ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

ፍላሽ በኪሴ፦ ደርሰህ መጣህ? ፈቃዱ ውድ ነው። ፈቃድ ከሌለህ 40 ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ ይላል። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ካላስነሣህ አይቀጥልም። ሪፖርት እያረምክ ይታይህ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ግን ነጻ ነው። ፍላሽ ላይ ጭነህ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ትሰካዋለህ።

ዶክ ጃውስ፦ ነጻ ነገር እንደ ነጻነቱ ነው። የዚያ ኢስፒክ የምትሉት የኤንቪዲኤ ድምፅ አማርኛው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲንከባለል ነው የሚመስለው።

ፍላሽ በኪሴ፦ ይለመዳል። እኔማ ፍጥነቱን ጨምሬ ነው የምሰማው። ሚስቴ ቻይንኛ ይመስላታል።

አይቲው፦ ለድምፅ ከሆነ የማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» አሉላችሁ። ኤጅ ብራውዘር ላይ ሞክሯቸው፣ ሰው ነው የሚመስሉት።

ወለላ፦ ኢንተርኔት ሲሄድ መቅደስም አምሃም አብረው ይሄዳሉ። እኛ ሰፈር ደግሞ መቼ እንደሚሄድ ታውቃለህ።

የሜሪላንዷ፦ እናንተ ለቢሮ ነው የምትከራከሩት። ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ትዝም አላላችሁ።

ፍላሽ በኪሴ፦ ሥልጠናው የሠራተኛ ነበር እታለም። እዚያ ሆኖ እዚህ መፍረድ...

የሜሪላንዷ፦ «እዚያ ሆኖ»? ለአክስቴ ስልክ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የአገር ልጅ አይደለሽም አትበለኛ!

ፍላሽ በኪሴ፦ እሺ ይቅርታ፣ አልተጣላንም። ዶክ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። በጃውስህ የአማርኛ ደብዳቤ አንብበህ ታውቃለህ?

ዶክ ጃውስ፦ ሥራዬ በእንግሊዝኛ ነው።

ፍላሽ በኪሴ፦ ሰርኩላሩ ግን በአማርኛ ነው የሚመጣው።

ዶክ ጃውስ፦ ጸሐፊዋ ታነብልኛለች።

ፍላሽ በኪሴ፦ የዓመት ፈቃድ ስትወጣስ?