አርበኛ ወይስ አገር ወዳድ?

ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ። ለሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ላይ አንድ ቃል ይዞኝ ቀርቷል።

የድሮው ክፍል አላስቸገረኝም። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ የመሩት ተጋድሎ አለ፤ በ1931 መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ ላይ በመርዝ ጋዝና በጥይት ያለቁት ወገኖች አሉ። እዚያ «አርበኛ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ጣጣው የዛሬው ክፍል ነው። ተማሪዎቼ ገጠር ድረስ እየወረደች የምታዋልድ ነርስን «አርበኛ» አሏት። ረቂቁን ያነበቡልኝ የአርበኛ ልጅ የሆኑ አዛውንት ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አርበኛማ ዱር ያደረ ነው» አሉኝ። «የውስጥ አርበኞችስ? ጠመንጃ ሳይዙ ከከተማ መረጃና መድኃኒት ያቀብሉ የነበሩት?» ስላቸው፣ «እነሱስ ቢያዙ ይሰቀሉ አልነበር እንዴ!» ብለው አፌን አስያዙኝ።

«አገር ወዳድ» ብዬ ቀየርኩት። ጮክ ብዬ ሳነበው መግለጫ መግለጫ አለኝ (ዜና የማነብ ነው የመሰለኝ)። «የአገር ፍቅር ያላት» ደግሞ ስሜቷን እንጂ ሥራዋን አይናገርም። በተቃራኒውም ሞከርኩ። የአርበኛ ተቃራኒ ባንዳ ነው፤ ሥራዋን ትታ የሄደችን ነርስ ግን ባንዳ የሚላት የለም።

እስቲ የመንዝና የተጉለት ሰዎች፣ በእናንተ አነጋገር ያልተዋጋን ሰው «አርበኛ» ማለት ያስኬዳል ወይስ ለእንዲህ ያለች ሴት ሌላ ቃል አላችሁ?