ለካርፕ ጫጩቶች መኖ የትኛውን የፎስፈረስ ምንጭ ልምረጥ?

የማሳድጋቸው የካርፕ ዓሣ ጫጩቶች አከርካሪያቸው እየተጣመመ በመምጣቱ እጅግ ተጨንቄአለሁ፤ የፎስፈረስ እጥረት ይሆናል ብዬም እጠረጥራለሁ። መኖው በአብዛኛው ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአኩሪ አተር ውስጥ ያለው አብዛኛው ፎስፈረስ በፋይቴት (ዘሮች ፎስፈረስ በሚያከማቹበት ውህድ) መልክ ታስሮ ስለሚገኝ ዓሣው በሚገባ ሊጠቀምበት እንደማይችል፣ ፋይቴቱም ዚንክን ጭምር እንደሚይዝ ከተረዳሁ በኋላ የአጥንት ዱቄት ጨመርኩበት፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ካርፕ ጨጓራ የሌለው ዓሣ በመሆኑ የአጥንትን ፎስፈረስ የሚያሟሟ አሲድ እንደማያመነጭ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ካልሲየምን ከውኃው ስለሚወስዱ በዚያ በኩል ብዙም አልሰጋም። አሁን ሞኖካልሲየም ፎስፌት የተባለውን በቀላሉ የሚሟሟ የፎስፈረስ ጨው ልጠቀም ወይስ ፋይቴትን የሚፈታውን ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም ልጨምር? ሁለቱን አንድ ላይ ብሰጥ ትርፍ ፎስፈረስ ወደ ውኃው ገብቶ አልጌ እንዳያበዛ እፈራለሁ። በ1 ኪሎ ግራም መኖ ስንት ግራም እንደሚበቃና የተጣመሙት ጫጩቶች ሊቃኑ ይችሉ እንደሆነ የምታውቁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ።