ከአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በፊት ምን ልጠይቅ?

የምኖረው ደሴ ሲሆን፣ የአፍንጫዬን ጉብታ ለማስተካከል አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ አስቤ ግራ ተጋብቻለሁ። እናቴ «አላህ የሰጠሽን አትንኪ» ትላለች፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ አተነፋፈሴ ነው። የግራ አፍንጫዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አየር በደንብ ስለማያስገባ፣ በተለይ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲበረታ ሌሊቱን የማሳልፈው በአፌ እየተነፈስኩ ነው። ያነጋገርኩት ሐኪም ግን ፎቶዬን በስልክ አይቶ «ቀላል ነው» ከማለት በቀር ውስጡን ሳይመረምር ዋጋ ነገረኝ። የመሃል ግድግዳው ተጣሞ ከሆነ፣ የውጩን ቅርጽ ብቻ ማሳነሱ መተንፈሻዬን ይበልጥ አያጠብብኝም ወይ? ሁለቱንስ በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል?

አፍንጫው ላይ የሚደረገው መደገፊያ ከ1 ሳምንት ገደማ በኋላ እንደሚነሳ፣ እብጠቱ ጨርሶ እስኪወርድ ደግሞ 1 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አንብቤአለሁ። መምህርት ነኝ፤ ያለ መነጽር የተማሪ ደብተር ማረም አልችልም፤ መነጽር አፍንጫ ላይ ማሳረፍ ግን ለሳምንታት ይከለከላል። ይህን ያሳለፋችሁ እንዴት ተወጣችሁት? መደገፊያው እንደተነሳ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ መመለስስ ደም እንዳያስነሳ ያሰጋል?