አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ጉራጌ፤ ልጁ «ብሔር» የሚለው ቦታ ላይ ምን ይጻፍለት?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ወላጆቹ ከሁለት ብሔር የሆኑ ልጅ በሕዝብ ቆጠራና በመዝገብ ላይ በአንዱ ብቻ ይጻፍ? በሁለቱም? ወይስ ጥያቄው ጭራሽ ይቅር? «ዲቃላ» የሚል የስድብ ቃል ያለበት ጽሑፍ ወዲያው ይሰረዛል።

መሠረት፦ መጀመሪያ ስህተቱ የሚፈጠርበትን ቦታ እንይ። ቆጣሪ ቤት ሲመጣ የሚጠይቀው የቤቱን ኃላፊ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ የትም አይመዘገብም። ቀበሌ ሲኬድ ደግሞ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የአባትን ብሔር ገልብጦ ያልፋል። ምክንያቱ ስማችን ነው። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሁሉም በአባት መስመር ይወርዳል። እናት በስሙ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ሰው ልጁን የሚመድበው በአያቱ ስም ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አባትና እናትን እኩል አድርጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5ም ብሔርን ሲተረጉም ባህልን፣ ቋንቋን፣ የጋራ ህልውና እምነትን፣ ሥነ ልቦናንና መልክዓ ምድርን ይጠራል። ደምና ዘር የሚል ቃል የለበትም።

ቶላ፦ አንቀጹን በትክክል አነበብሽ፤ ግን የሚተረጉመው ሕዝብን ነው፣ አንድን ሰው አይደለም። ቆጠራ ደግሞ የስሜት መጠይቅ አይደለም፣ ሥልጣን ይከፋፈልበታል። አንቀጽ 61ን ተመልከቺ፤ እያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፣ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝቡ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። «ቅይጥ» የሚል ሳጥን ብንከፍት በዚያ የተቆጠረ ሰው ማን ይወክለዋል? ማንም። ሰዎቹ ከሁለቱም ወገን ይቀነሳሉ። ትልቅ ብሔር ላይሰማው ይችላል፤ ትንሹን ግን ይጎዳዋል።

ኬሪያ፦ ቶላ ያነሳው ፍርሃት በሌላ አገር ተፈጽሞ ታይቷል። በዩጎዝላቪያ የ1981 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ከሕዝቡ 5.4 በመቶ ማለት ነው፣ ራሱን «ዩጎዝላቭ» ብሎ አስቆጠረ። ከቅይጥ ትዳር የተወለዱ ብዙዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። አገሩ ሲፈርስ ያ ሳጥን አብሮ ፈረሰ። በቦስኒያ ከጦርነቱ በኋላ የወጣው ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንትነቱን ሦስት ወንበሮች ለቦስኒያክ፣ ለሰርብና ለክሮአት ሰጠ። ከሦስቱ አንዱን ያልመረጠ «ሌሎች» ተባለ፣ መወዳደርም አልቻለም። ሴይዲችና ፊንቺ የተባሉ አንድ የሮማ ብሔረሰብ ተወላጅና አንድ አይሁዳዊ ከስሰው የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ፈረደላቸው። ስለዚህ «ቅይጥ» የሚል የተለየ ሳጥን አልደግፍም። ያ ማለት ግን ልጁ አንድ ወላጁን ይካድ ማለት አይደለም። ሁለት ምልክት እንዲያደርግ ይፈቀድለት።

ቶላ፦ ሁለት ምልክት ካደረገ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ድምሩም ከመቶ በመቶ ያልፋል።

መሠረት፦ ያልፋል፤ ችግሩ ግን የሠንጠረዥ ብቻ ነው። አሜሪካ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ጀምራ ከአንድ በላይ ዘር መምረጥን ፈቅዳለች። ውጤቱን በሁለት ዓምድ ታትማለች፦ «ይህን ብቻ የመረጠ» እና «ይህን ብቻውን ወይም ከሌላ ጋር የመረጠ»። በዚያ ዓመት ከአንድ በላይ የመረጠው 2.4 በመቶ ነበር፣ በ2020 ግን 10.2 በመቶ ደረሰ። አንድ ማስጠንቀቂያ ላክልበት፦ ዕድገቱ ሁሉ የልደት አይደለም። በ2020 የጥያቄው አቀራረብና መልሱ የሚመደብበት መንገድ ተለውጧል። የቅጹ አነጋገር ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል፤ ለዚህ ነው ቅጹን ማን ያዘጋጀዋል የሚለውን ቸል ማለት የማይገባን።

ለወንበር ሲሆን ደግሞ እንዲህ እናስላው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። አንድ ብሔረሰብ ብቻውን 950,000፣ ከሌላ ጋር 80,000 ሰው ቢመርጠው፣ በሙሉ ቆጠራ 1,030,000 ይሆንና ተጨማሪ ወንበር ያገኛል። እያንዳንዱ ቅይጥ ሰው በግማሽ ከታሰበ 990,000 ነው፣ ወንበሩ ይቀራል። ስለዚህ የትኛው እንደሚሠራ ከቆጠራው በፊት በሕግ መታወቅ አለበት። ከቆጠራው በኋላ ከተወሰነ ጠብ ነው።

ሰናይት፦ እኔ ጥያቄው ቢቀር እመርጣለሁ። ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳን ተመልከቱ፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል፣ ብሔር አይጠይቅም። አገልግሎት ግን አልተጓደለም። ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስገቡት መታወቂያ ብሔር ይጽፍ ነበር፣ ልጅም የአባቱን ይወርሳል። በ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የዘር ጭፍጨፋ ጊዜ በየኬላው ያ ወረቀት ምን እንዳደረገ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ኬሪያ፦ ከመታወቂያ ላይ ይጥፋ፣ እስማማለሁ። ከቆጠራ ላይ ግን አይጥፋ። መታወቂያ ኪስ ውስጥ የሚዞር ስም ያለው ወረቀት ነው፣ ቆጠራ ስም የማይታተምበት ድምር ነው። ድምሩ ከጠፋ በየትኛው ወረዳ በየትኛው ቋንቋ መምህር እንደሚያስፈልግ በምን እናውቃለን?

ቶላ፦ ቋንቋ ካነሳሽ ዋናው ጉዳዬ እዚያ ነው። በከተማ ያደገ ቅይጥ ልጅ «ሁለቱም ነኝ» ይላል፣ ሲናገር ግን አማርኛ ብቻ ነው። ወላጆቹ የሚግባቡበት ሦስተኛ ቋንቋ ማዕዱን ይይዘዋል። ልጁ የአያቱን ይሰማል፣ በአማርኛ ይመልሳል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ መልሱም ይቆማል።

ኬሪያ፦ እውነት ነው፣ የሚስተካከል ግን ነው። እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ በራሱ ቋንቋ ብቻ ይናገር፤ ልጁ በአማርኛ ቢመልስም ወላጁ ወደ አማርኛ አይሻገር። ክረምቱን አያቶቹ ዘንድ ይክረም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፊደሉን ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ የግዕዝ ፊደል ብቻ የተማረ ልጅ ቢናገረውም አያነበውም። ፊደሉን ለብቻው ማስተማር ይፈልጋል፣ አለበለዚያ ቋንቋው የቤት ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሠረት፦ ቶላ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ1993 ዓ.ም. ስልጤዎች ጉራጌ ነን ወይስ ስልጤ ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቁ፣ መልሳቸውም ተከበረ። መንግሥት ሕዝብን «አንተ ራስህን ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ፣ አንድን የ18 ዓመት ልጅ መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል? እኔ የማቀርበው ቅጽ ይህ ነው፦ ለሕፃናት የሁለቱም ወላጆች ብሔር በሁለት የተለያየ መስመር ይጻፍ፣ የልጁ መስመር ባዶ ይሁን። 18 ሲሞላው ራሱ ይሙላው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ወይም «መመለስ አልፈልግም»። የሞላውንም በኋላ መቀየር ይችል።

ቶላ፦ ባዶ መስመሩን እቀበላለሁ። ግማሽ ሰው የሚለውን ስሌት ግን በፍጹም። ልጅ ለእናቱ ወገንም ለአባቱ ወገንም ሙሉ ልጅ ነው፣ ሙሉ ይቆጠር።